የአለላው ቀለምና የጭቃው ግድግዳ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቤቶች ስፌት ሥራ ላይ ካልዋለ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የቤቱ ጌጥ እሱ ነው። ግድግዳው ከጤፍ ጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ነው። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነውና የደጋው ፀሐይ ደጅ ላይ ዓይን ያጭበረብራል፤ ቤት ውስጥ ግን ብርሃን በበሩ በኩል በጎን ነው የሚገባው።

አንዱን ሰፌድ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሰፊዋ የሣሩን ዙር በወስፌ እየወጋች፣ የተነከረውን አለላ በቀዳዳው እያሾለከች ጠበቅ አድርጋ ትጠመጥመዋለች። ጥሩ እጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ጥምጥሙ ተጠጋግቶ የውስጡ ሣር ብቅ አይልም። ዙሩ ድብልብል ስለሆነ ብርሃን አናቱ ላይ ያርፋል፣ በሁለት ዙሮች መካከል ያለው ስርጉድ ጥላ ይይዛል። ስለዚህ ከአንድ ድስት የወጣው ቀይ ሰፌዱ ላይ ሦስት ይሆናል፤ አናቱ ላይ ወደ ብርቱካን ያደላል፣ ጎኑ ላይ ደማቅ ቀይ ነው፣ ስርጉዱ ውስጥ ይጠቁራል። ያንኑ ቀለም ልሙጥ ጣውላ ላይ ብትቀቡት ይህ ሁሉ የለም።

ጌጡም የራሱ ሥራ አለው። ቀዩና አረንጓዴው ሰፋ ሰፋ ብለው ጎን ለጎን ሲውሉ አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል። እነዚያኑ ሁለቱን አንድ አንድ ጥምጥም ብቻ እያፈራረቁ ቢሰፏቸው ግን ከሩቅ የሚያይ ዓይን ያዋህዳቸዋል፤ የሚታየው ደብዛዛ ቡናማ ነው። የተዋጣላት ሰፊ በመካከላቸው ያልተነከረውን፣ ወርቃማውን ሣር ጣል ታደርጋለች።

ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረል ይህን የመሰለ ነገር ገጥሞታል። በፓሪሱ የጎብላን ምንጣፍ ሥራ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሳለ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ቢመረምረው ማቅለሚያው እንከን የለበትም፤ ጥቁሩን ያደበዘዙት አጠገቡ የተሸመኑት ቀለማት ነበሩ። ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አሳተመ።

ዛሬ ብዙ ሰው የገበያው ማቅለሚያ ዓይን ይወጋል እያለ ሰፊዎቹን ያማል። እኔ ግን አብልጬ የምወቅሰው የከተማውን ግድግዳ ነው። ጭቃው ሻካራ ነው፤ ብርሃኑን በትኖ ያለዝበዋል፣ አፈርማ መልኩም ለኃይለኛ ሐምራዊና አረንጓዴ ቦታ ይለቃል። በዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ግን ራሱ እያብረቀረቀ ከስፌቱ ጋር ይሻማል። በዚያ ላይ ፊት ለፊት የሚያበራ አምፖል የስርጉዱን ጥላ ያጠፋዋል፤ ሦስት የነበረው ቀይ አንድ ሆኖ ይቀራል።

ስፌት ለሳሎናችሁ የምትገዙ፣ እባካችሁ ከሚያብረቀርቅ ግድግዳ አርቁት፤ ከመስኮት ብርሃን በጎን የሚያገኝበት ቦታ ፈልጉለት። ዋጋ ስትከራከሩም መጀመሪያ ዙሮቹን ቁጠሩ።