ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ታንኳ

የመጽሐፍ ሒስ የሚጽፍ ሰው መጽሐፉን አንብቦ ነው። የቤት ሒስ የሚጽፍስ? ቤቱ ውስጥ ማደር ይኖርበታል። እኔም ባለፈው ጥቅምት ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር፣ በአንድ አሮጌ ቤት ሁለት ሌሊት አድሬ ነው ይህን የምጽፈው። ቤቱ ታድሶ «የአካባቢውን ቅርስ የሚያከብር የእንግዳ ማረፊያ» ሆኗል። አባባሉ የእኔ አይደለም፤ መግቢያው ላይ የተጻፈ ነው። እንግዲህ ባለቤቷን ራሳቸው ባወጡት መስፈርት ብመዝናቸው ፍርደ ገምድል የሚለኝ ያለ አይመስለኝም።

ቤቱ የተሠራው በ1950ዎቹ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተተክለው ባሕር ዳር ከመንደርነት ወደ ከተማነት በተሻገረችበት ዘመን ነው። መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ሆኖ ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞረ ሰፊ በረንዳ አለው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ይህኛው ቤተሰቡ የሚኖርበት ስለነበር ተረፈ። አባትና እናት ካለፉ በኋላ ግን ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ግድግዳው እየተቦረቦረ ዓመታት ተዘግቶ ኖረ። ወራሿን ዘመድ አዝማድ የመከራቸው አፍርሰው ፎቅ እንዲያቆሙበት ነበር። አልሰሙም። ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋና ይገባቸዋል።

ይበልጥ ያስደሰተኝ ደግሞ የእድሳቱ አሠራር ነው። በከተሞቻችን የጭቃ ቤት ማደስ ማለት በሲሚንቶ መለሰን ይመስላል። ሲሚንቶና ጭቃ ግን አብረው አይኖሩም። ጭቃ እርጥበት እየጠጣ፣ መልሶም እያወጣ የሚኖር ነገር ነው፤ ሲሚንቶ ሲለበስበት ይታፈናል። ውኃው ውስጥ ለውስጥ ተጠራቅሞ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ልስኑም ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ሐይቅ ዳር ሲሆን ይህ ሁሉ ይፈጥናል። ባለቤቷ ምክሩን ያገኙት ከአንድ አዛውንት ጭቃ መራጊ ነው። የበሰበሰው ማገር ብቻ ተነቅሎ በአዲስ ተተካ፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ቀናት ቦክቶ፣ በእጅ ተመረገ። ክፍሎቹ ቀን ይቀዘቅዛሉ፣ ሌሊት ይሞቃሉ።

«በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ እንደገና ይመረጋል» አሉኝ ባለቤቷ። «ከሽማግሌው ጋር ውል ገብቻለሁ፤ ለልጃቸውም ሙያውን እያስተማሩልኝ ነው። ቤቱ የሚቆየው እሳቸው ካሉ አይደለም ወይ?»

ይህችን ንግግር አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከእንግዳ መቀበያው ክፍል ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ አንዲት የደንገል ታንኳ ተሰቅላለች። ቫርኒሽ ተቀብታ ታብረቀርቃለች። ግራና ቀኟ ቅርጫቶች፣ ከሥሯ ደግሞ የወፍጮ ድንጋይ አለ። «ጥንታዊ የጣና ታንኳ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባታል። ማን እንደሠራት አይናገርም። በማግሥቱ ማለዳ በረንዳው ላይ ቡና እየጠጣሁ ወደ ሐይቁ ብመለከት ሦስት ታንኳዎች ዓሣ ያጠምዳሉ። የግድግዳዋ ጥንታዊት ከሆነች እነዚህ ምን ሊባሉ ነው?

ታንኳዋን፣ ቅርጫቱንና ወፍጮውን በመሥራት የሚታወቁት ነገዴዎች ናቸው። ሌላው ሕዝብ «ወይጦ» ሲላቸው ኖሯል፤ እነሱ ግን ስሙን እንደ ስድብ ይሰሙታል። የራሳቸው የነበረው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ከሐይቁ ዳር ወደ ኋላ ሲገፉ ኖረዋል። በሕይወት ያለን ሰው የእጅ ሥራ «ጥንታዊ» ስንለው እሱንም በቁሙ ካለፉት ጋር እንቆጥረዋለን። የተገፋ ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ቃሉ ከስሕተትም ያልፋል ባይ ነኝ።

ሠሪውን ፍለጋ ሩቅ አልሄድሁም። ከማረፊያው መቶ እርምጃ ያህል ርቀው፣ ዳሩ ላይ ደንገል ሲያስሩ አገኘኋቸው።

«ያቺማ የእኔ እጅ ናት» አሉኝ። «ቀለም ቀቧት አሉ?»

«አዎን፣ እንዳትበላሽ ብለው ነው።»

ሳቁ። «ታንኳ እኮ ልጄ ታልቃለች። ውኃ ትጠጣለች፣ ለፀሐይ ትቆማለች፣ ጥቂት ወር ሠርታ ትበሰብሳለች። ያን ጊዜ ሌላ ይታሠራል። ድሮ ደንገሉ እደጃችን ነበር፤ ዛሬ ሩቅ ሄደን ነው የምናጭደው።»

እውነታቸውን ነው። የሐይቁ ዳር በየጊዜው እየታረሰ ደንገሉ ሳስቷል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የባዮስፌር ሥፍራዎች መዝገብ ቢያስገባውም እምቦጩ ከዚያ ቀድሞ ገብቶበታል።

«ገብተው አይተዋታል?» አልኋቸው።

«ዘበኛው ‹ማንን ፈለግህ?› ይለኛል። ማንን ልበለው?»

በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ሰው ነው አንተ የሚላቸው። በመግቢያው የተጻፈውን ቃልና የዘበኛውን ቃል ጎን ለጎን ላስቀመጠ የሚቀረው ሒስ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ባለቤቷ ንግግር ልመለስ። ጭቃ ቤት በየዓመቱ ካልተመረገ እንደማይኖር፣ ቅርሱም ግድግዳው ብቻ ሳይሆን የመራጊው እጅ ጭምር መሆኑን እሳቸው ከብዙ ምሁር ቀድመው ገብቷቸዋል። ታንኳም እንደዚያው ናት። የምትጠበቀው በመሠራት እንጂ በቫርኒሽ አይደለም። ታዲያ ለግድግዳው ያደረጉትን ለታንኳዋ ለምን አላደረጉም? መራጊው ውል ገብቶላቸዋል፣ በስማቸው ይጠራሉ፤ ታንኳ ሠሪው ግን በር ላይ ይጠየቃሉ። ልዩነቱ የሙያው አይመስለኝም። ከጥንት የወረስነው ንቀት ነው፤ ቅርስ ስንል የማንቆጥረው ቅርስ።

ይህንኑ ለባለቤቷ ሳልሸሽግ ነገርኋቸው። በመጀመሪያ ቅር አላቸው። ከ2013ቱ ጦርነት ወዲህ፣ ይልቁንም ከ2015 መጨረሻ በኋላ እንግዳ መጥፋቱን፣ ለሠራተኛ ደመወዝ እንኳ እየተበደሩ መክፈላቸውን አስረዱኝ። ችግራቸው እውነት ነው። እኔ ግን ብዙ ወጪ አልጠየቅሁም። «ጥንታዊ» የሚለው ይነሣ፤ የሠሪው ስም ይጻፍ፤ ይህች ታንኳ ስታልቅ ሌላ ለእሳቸው ትታዘዝ፤ እንግዳ ሲገኝም በሐይቁ ላይ የሚያንሸራሽሩት እሳቸው ይሁኑ። ዘበኛውም ሲመጡ «ይግቡ» ይበላቸው።

ባለቤቷ ለጥቂት ጊዜ ሐይቁን እያዩ ዝም አሉ።

«ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ በመጨረሻ።

ነገርኋቸው። እዚህ ግን አልጽፈውም፤ መጻፊያው ቦታ እዚያ፣ ታንኳዋ ሥር ነው።