ሽቦና ሹሩባ

አርሲ፣ ሁሩታ ላደገ ልጅ የመጀመሪያው ቅርጻ ቅርጽ የሽቦ መኪና ነው። ከአጥር የተረፈው ቁራጭ በድንጋይ ይቀጠቀጣል፣ በጥርስ ይጣመማል። ጎማው ካለቀለት ነጠላ ጫማ ይቆረጣል፤ ነጠላው ከጠፋ ቆርኪም ይሆናል። ከዚያ ረጅሙን መሪ ይዞ በስንዴ ማሳው ዳር መሮጥ ነው። የሽቦው ጫፍ ግን እንደ ምላጭ ነበር። አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ ዘመን የተረፈኝ ነው።

የኤልያስ ስሜን ሥራዎች ባየሁ ቁጥር ይህ ጣቴ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ የተወለደው ኤልያስ፣ በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ ከወጣ በኋላ ለዓመታት በክር፣ በአዝራርና በቆርኪ ሠርቷል። በኋላ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ወደ ማዘርቦርድና ወደ ኮምፒውተር ፊደል መምቻዎች አዞረ። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቆራሌው ከየቤቱ ሰብስቦ የሚያራግፈው ሁሉ ቀለሙ ሆነ። እነዚህን ተከታታይ ሥራዎች ‹‹ታይትሮፕ›› ብሏቸዋል፤ ተወጥሮ ሰው የሚራመድበት ገመድ ማለት ነው።

ከሩቅ ስታዩዋቸው አርሲን ከአውሮፕላን መስኮት የምታዩ ይመስላችኋል፦ ቢጫ ማሳ፣ አረንጓዴ ማሳ፣ በመሃል ቀጭን መንገድ። ቀረብ ስትሉ ማሳው ጉንጉን ይሆናል። ቀጫጭን ሽቦዎች ተገምደው ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንዱ ከሌላው ጋር እንደ ስፌት ዙር ይጣበቃል። ቀለሙ የብሩሽ አይደለም፤ ፋብሪካው ሽቦውን ያለበሰው ፕላስቲክ ነው።

የሙያው ምስጢር ውጥረቱ ላይ ይመስለኛል። ሹሩባ ስትሠራ እናቴን ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ጠበቅ ካደረገችው ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ላላ ካደረገችው ሳምንት ሳይሞላ ይፈታል። ፀጉር ደግሞ ቢያንስ ይታዘዛል። ሽቦ የታጠፈበትን አይረሳም፤ አንዴ ከተሰበረ ጠባሳው ይታያል። ስንት ክንድ ሽቦ በእጅ እንዳለፈ ሳስብ ጣቴ ይደክመኛል።

ማዘርቦርድ የበዛባቸውን ሰሌዳዎች ግን ያን ያህል አልወዳቸውም። ከላይ የታየ ከተማ እንደሚመስሉ ቶሎ ይናገራሉ፣ ቶሎም ያልቃሉ። ሽቦዎቹ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ይበልጣል።

የቀለሙ ጨዋታ ግን የሚያታልል ነው። በየዓለሙ ማዕዘን መዳቡን ለማውጣት ሽቦ የሚያቃጥሉ ሰዎች መርዛማ ጭስ ይተነፍሳሉ፤ በአሮጌ ማዘርቦርድ ብየዳ ውስጥ ያለው እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል። ኤልያስ አያቃጥልም፣ ይጎነጉናል። አደጋውን ግን አልሰወረውም፤ ከረሜላ የመሰለው ቀይ ሽቦ አንድ ቀን ኤሌክትሪክ ተሸክሞ እንደነበር ሰውነታችሁ ያውቃል፤ እጃችሁን ልትዘረጉ ብላችሁ ትመልሱታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው ዌሊን ሙዚየም የተከፈተው ‹‹ታይትሮፕ›› የተባለ ዐውደ ርእይ ከዚያ በኋላ ወደ አክሮን፣ ካንሳስ ሲቲና ቶሮንቶ ተጉዟል። እዚሁ አገር ደግሞ ኤልያስ ከባልደረባው ከመስከረም አሰግድ ጋር አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ላይ ያቆመው ዞማ ሙዚየም በዚያው ዓመት ተከፈተ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ሁሩታ ውስጥ ማንም አባወራ የሚያውቀው ዓይነት። ልዩነቱ ጣት የሄደበት መሆኑ ነው፦ ልስኑ ላይ ሞገድና ቅጠል መሳይ መስመሮች ተቀርጸው፣ ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታቸው ጥላቸው ይንቀሳቀሳል።

ከሽቦ ሥራዎቹ ፊት ስቆም ሁልጊዜ አንድ ነገር አደርጋለሁ። አንዱን ጉንጉን መርጬ በዓይኔ እከተለዋለሁ፤ የሚቆረጥበትን ስለታም ጫፍ ላገኘው። ይጠመዘዛል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይጋባል፣ ሌላ ቀለም ሥር ይገባል። ይጠፋኛል። አውራ ጣቴን እያሸሁ ከሌላው ጥግ እጀምራለሁ።