ሌሊቱና ታክሲው

ሄርሞን ኃይላይ በ2015 እ.ኤ.አ. ለእይታ ያበቃችው «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» የተሰኘ ፊልም የአዲስ አበባን ሌሊት ሳያስጌጥ ያሳየናል። ወጣቱ ሹፌር ቴዲ በሴተኛ አዳሪዋ በፍሬ ጉዳይ ገብቶ ታክሲውን፣ የዕለት እንጀራውን፣ ይሰረቃል።

ፊልሙ ኗር የሚባለው፣ ጨለማና ወንጀል የሚበዛበት የፊልም ዘውግ ዘመድ ነው።

የቢሊ ዋይልደር «ደብል ኢንደምኒቲ» በ1944 የአሜሪካን የገንዘብ ጥማትና ክህደት በጥላ ውስጥ አሳይቶ ነበር። የሄርሞን ስጋት ግን የእኛው ነው፤ ለአረብ አገር የምትሸጥ ሴት። ፊልሙ ከመታየቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2013 መጨረሻ፣ ከሳዑዲ ዓረቢያ የተባረሩ ኢትዮጵያውያን በብዙ ሺህ እየሆኑ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዱ ነበር።

የሚደነቀው ሌላም አለ። የአሜሪካ ኗር ሴቷን ብዙ ጊዜ የወንድ ማጥመጃ አድርጎ ይስላታል። ሄርሞን ግን ፍሬን ቁስልም ፈቃድም ያላት ሰው አድርጋ አቅርባታለች።