«ይለቀቅ» ተሰርዞ «ይሰጥ»

ትዕዛዙ ግማሽ ገጽ አይሞላም። በጥብቅና ዘመኔ ብዙ የችሎት ወረቀት አንብቤያለሁ፤ የእጀ ወርቅ ሥራ ነው ብዬ ደጋግሜ ያየሁት ግን ይህን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አዲስ አበባ። የ14 ዓመት ልጅ ታክሲ ግፊያ ውስጥ ከአንዲት ሴት ቦርሳ ሞባይል ወስዶ ተያዘ፤ አጥፍቻለሁ አለ። የቀረው ምን እርምጃ ይወሰንበት የሚለው ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ አስተዳደጉንና አኗኗሩን አጣርታ እስክትመጣ 14 ቀን ያስፈልጋል። እስከዚያ የት ይቆይ?

አዋቂ ቢሆን ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ማረፊያ ቤት መቆየቱ ማንንም አይገርምም። መርማሪው ያሰበውም ይህንኑ ነበር፦ አሳዳጊ አክስቱ የጉልት ነጋዴ ናቸው፣ ቀን ቀን ቤት ማንም የለም አለ። እውነቱን ነበር።

ዳኛዋ ስለ ሞባይሉ አንድም ነገር አልጠየቁም። ወደ አክስትየዋ ዞረው፣ «እናቴ፣ ከቤት ስንት ሰዓት ይወጣሉ?» አሉ።

«ሌሊት 11 ሰዓት።»

«እሱስ ትምህርት ቤት መቼ ነው የሚገባው?»

«የከሰዓት ፈረቃ ነው።»

መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርገው ስርቆቱ የተፈጸመበትን ሰዓት ፈለጉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት። እኔ ያንን መዝገብ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሰዓቱ ላይ ግን አልቆምኩም። እሳቸው ልጁ ብቻውን የሚውልበትን ክፍተት አገኙ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ ያንን ክፍተት ለመሙላት ነበር። ጎረቤት ማን አለ ብለው ጠየቁ። በር ለበር የሚኖሩ ጫማ ሰፊ አብረው መጥተው ውጭ ተቀምጠዋል። አስገቧቸው። ሱቃቸውን በ1 ሰዓት ይከፍታሉ፤ ልጁን እስከ ትምህርት ሰዓት አጠገባቸው ለማዋል ፈቃደኛ ናቸው።

ጸሐፊዋ ትዕዛዙን ተይባ አመጣች፤ እንደተለመደው «በዋስ ይለቀቅ» ይላል። ዳኛዋ በእስክሪብቶ «ይለቀቅ» የሚለውን ሰርዘው ከላዩ «ለአክስቱ ይሰጥ» ብለው ጻፉ፤ «በዋስ» የሚለውንም አወጡት። የገንዘብ ዋስትና የለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 ነገሩ በቀጠሮ ሲያድር ወጣቱ ለወላጁ፣ ለአሳዳሪው ወይም ለዘመዱ፣ እነሱ ከሌሉም በቀጠሮው ቀን ለሚያቀርበው ታማኝ ሰው እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጹን ሁላችንም እናውቀዋለን። የለቀቁት ልጅ ወደ ፈለገበት ይሄዳል፤ የሰጡት ልጅ ግን የተቀበለው ሰው አለ። ዳኛዋ ይህን ልዩነት በአንድ ቃል አስገቡት።

ከሥር ደግሞ ሌላ አጭር ዐረፍተ ነገር አለ፦ ባለሙያዋ ልጁ በእነዚህ ቀናት ጠዋት ጠዋት የት እንደዋለና ከማን ጋር ምሳ እንደበላ አይታ ትጻፍ ይላል። የወንጀል ሕጉ ፍርድ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ አስተዳደግና ኑሮ መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ልጁ ታስሮ ቢሰነብት ሪፖርቱ የሚነግረን ስለ ማረፊያ ቤት ኑሮው ነበር። አሁን ግን የሚመዘነው እውነተኛ ኑሮው ነው፣ ያውም ክፍተቱ ተደፍኖለት። ይህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ልቤን ይነካዋል፤ ገና ያልተወሰነን ቅጣት አስቀድሞ ላለማቅመስ የተደረገ ነውና።

ዳኛዋ ወዲያው አልፈረሙም። ወረቀቱን ለልጁ ቀስ ብለው አነበቡለት፤ ከዚያ፣ «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የት ነህ?» አሉት።

ልጁ መጀመሪያ አክስቱን፣ ቀጥሎ ጫማ ሰፊውን አየ። «ጋሼ ሱቅ።»

«ምን ስታደርግ?»

«የቤት ሥራዬን። ከዚያ ቀለም አቀብላቸዋለሁ።»

ይህን ወረቀቱ ላይ አልጻፉትም ነበር። ፈገግ ብለው እስክሪብቶውን አነሱና ፈረሙ።