ድራማ በትምህርት ቤት፦ ከመልእክተኛነት ወደ ትምህርትነት

በአገራችን የተማሪዎች ድራማ ዋና መታያ የወላጆች ቀን ነው። በዚህ ዕለት በመዝሙሩና በሽልማቱ መካከል አንዲት አጭር ጨዋታ ትቀርባለች። ታሪኩም ባመዛኙ የታወቀ ነው፤ ሰካራም አባት ወይም ትምህርቱን ትቶ ከክፉ ጓደኛ የገጠመ ልጅ ይወጣል፤ ተመልካቹ ይስቃል፤ በመጨረሻም ጋቢ የደረበ፣ የጥጥ ጢም የለጠፈ ሽማግሌ ብቅ ብሎ ምክሩን ያዥጎደጉዳል፤ ጥፋተኛውም ወዲያው ይጸጸታል። ጭብጨባው እንዳበቃ ወንበሩ ይሰበሰባል፤ ተማሪዎቹም እስከሚመጣው ዓመት መድረክ አይረግጡም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልማድ መተቸትና በየትምህርት ቤቱ የታቀደ ሳምንታዊ የድራማ ፕሮግራም እንዲቋቋም ድጋፍ መጠየቅ ነው።

ጉድለቱ ከተማሪዎቹ ችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም። ምክንያቱ ትምህርት ቤት ድራማን የሚፈልገው መልእክት ለማድረስ ብቻ መሆኑ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የኪነት ቡድኖች መድረኩን የመፈክር ማስተጋቢያ አደረጉት፤ በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበባት ስለ በሽታው ማስጠንቀቂያ አዋሉት፤ ዛሬም በሚኒ ሚዲያው በኩል ከላይ የወረደ ርእስ ይተላለፍበታል። ከመልእክቶቹ መካከል ለሕይወት እጅግ የሚበጁ እንደ ነበሩ አይካድም። ነገር ግን መልሱ አስቀድሞ የተወሰነለት ተማሪ ገጸ ባሕርይውን ለመመርመር አይገደድም። ሰካራሙ ለምን እንደሚጠጣ፣ ሚስቱ ለምን ዝም እንደምትል፣ ልጁ ሌሊት ምን እንደሚያስብ ጠያቂ የለውም። ድራማ የሚያስተምረው ግን በዚህ ጥያቄ አማካይነት ነው።

ወደ ኋላ ዞር ብለን ብንመለከት፣ ዘመናዊው ቴአትራችን ለትምህርት ቤት ባለዕዳ መሆኑን እንረዳለን። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዶ መድረኩ ለዓመታት ጭር ካለ በኋላ፣ ቴአትርን መልሰው ካነሡት መካከል ግንባር ቀደሞቹ መምህራን ነበሩ። ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርት የመጡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ መላኩ በጎሰውም በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተማሪዎቻቸውን እያሠለጠኑ ተውኔት አሳይተዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ገና በአምቦ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳሉ የጻፉት፣ ስለ ንጉሥ ዳዮኒሰስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች የሚያወሳው ተውኔት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታይቷል። ያ የልጅነት ሥራ መድረክና ተመልካች ባያገኝ ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣው ይመጣ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ዛሬ ይህን ዕድል የሚሻው ልጅ የት እንዳለ ለማየት ወደ ኮልፌ ቀራንዮ እንለፍ። በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተሠሩ መኖሪያ ቤቶች ስሙን የወረሰው የዓለም ባንክ ሰፈር ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ይገኛል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው ብሔራዊ ቴአትር ያሉት መሐል ከተማ ነው። ታክሲ እየቀያየሩ ሄዶ፣ ትርዒት አይቶ፣ ሳይመሽ ለመመለስ የሚጠይቀው ገንዘብና ሰዓት ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሰፈር ልጅ ቅርቡ መድረክ ትምህርት ቤቱ ነው። ለድራማ የሚሆን ነገርም አያጣም፤ አከራይና ተከራይ፣ ረዳትና ተሳፋሪ፣ እናትና ባለሱቅ በየዕለቱ የሚለዋወጡት ቃል በጆሮው ሞልቷል። የጎደለው ያንን ቃል ወደ ተውኔት የሚለውጥበት ቦታና መሪ ነው።

«ፈተና እያለ ምን ጨዋታ!» የሚል ወገን መኖሩ አይቀርም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈታኞቹ መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከታወቀ ወዲህ፣ ወላጆችና ርእሳነ መምህራን እያንዳንዷን ሰዓት ቢሰስቱ አያስደንቅም። ድራማ የፈተና ነጥብ ያሳድጋል ብለን ቃል አንገባም። ሆኖም ክፍሉን የሚጫወት ተማሪ አንዱን ገጽ ደጋግሞ ያነባል፤ የእያንዳንዱን ቃል ፍች ይጠይቃል፤ በሰው ፊት ቆሞ ድምፁን ያሰማል። በመምህሩ ፊት ቆሞ ቅኔውን የሚዘርፈውን የቆሎ ተማሪ ለሚያውቅ አገር ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባትን በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ማካተቱ መልካም ጅምር ነው። መጽሐፍ ብቻውን ግን ተዋናይ አያሠለጥንም። ስለሆነም በዓለም ባንክ በአንድ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ሙከራ ቢጀመር፣ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ በሳምንት 2 ሰዓት፣ የማስተማር ጫናው የተቀነሰለት አንድ መምህር፣ ወንበሩ ወደ ግድግዳ የተጠጋ አንድ ክፍል፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ክፍል የተመረቀ አንድ ባለሙያ።

የአሠራሩም ስልት ይታሰብበት። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ድራማውን ችግሩ ከተወሳሰበበት ላይ አቁሞ፣ ተመልካቹ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ሌላ መፍትሔ በተግባር እንዲሞክር ያደርግ ነበር። የኛዎቹም ተማሪዎች ሽማግሌው ከመግባቱ በፊት ጨዋታውን ቢያቆሙትና «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ወላጆቻቸውን ቢጠይቁ፣ የወላጆች ቀን የመወያያ ቀን ይሆናል።

እንግዲህ የክፍለ ከተማው የትምህርትና የባህል ኃላፊዎች ሰዓቱንና መምህሩን ይመድቡ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ጉዳዩን በአጀንዳው ያስገባ። እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎችም በበዓል ቀን ተጋብዘን ማጨብጨባችንን ትተን፣ በወር አንድ ቅዳሜ በልምምዱ መካከል እንገኝ። ማኅበራችንም ፈቃደኞችን መዝግቦ ለትምህርት ቤቶቹ በማስታወቅ ሊጀምር ይችላል።