«የእብድ ውሻ በሽታ» ስለ ተሰኘው ስያሜና ስለ ባሌው የክትባት ምርምር

በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች በቀይ ቀበሮ ላይ የተካሄደው የክትባት ምርምር ለስያሜ ሥራችን ሦስት ጥያቄዎችን አስነሥቷል። በዚህ አጭር ሐተታ በየተራ እንመረምራቸዋለን።

የመጀመሪያው የበሽታው ስም ነው። «የእብድ ውሻ በሽታ» ሕዝብ ያወጣው፣ ለጆሮም ለትዝታም የሚቀል ስያሜ ነው። መነሻውንም ያመለክታል፤ ሰው በዚህ ደዌ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ በውሻ ንክሻ ነውና። ሆኖም ሁለት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛ፣ በሽታውን በውሻ ብቻ ይወስነዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን የፈጀው ይኸው ደዌ ነው፤ ከብትንም ይይዛል። ሁለተኛ፣ «እብድ» የሚለው ቅጽል ቍጣን ያሳስባል፤ በሽታው ግን ያለ ቍጣ እያሽመደመደ የሚገድልበት መልክም አለው። አንድ የአጋርፋ ገበሬ፣ ላሙ መዋጥ ተስኗት ምራቋ ሲዝረበረብ አይቶ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ አንዳች ነገር ተሰንቅሮ ይሆናል ሲል እጁን ቢሰድ፣ ስያሜው አላስጠነቀቀውም ማለት ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም በሚያሰኝ ደዌ ላይ እንዲህ ያለው ጉድለት በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሕዝብ የለመደው ስም ይሻር አንልም። በመዝገበ ቃላት ሲፈታ ግን «በቫይረስ የሚመጣ፣ ውሻን፣ ከብትን፣ የዱር አራዊትንና ሰውን የሚይዝ፣ በምራቅ የሚተላለፍ የአንጎል በሽታ» ይባል። በሙያ ጽሑፍ «ሬቢስ» ቢገባ ተቃውሞ የለንም።

ሁለተኛው «ክትባት» ነው። ከተበ በግእዝ ጻፈ ማለት ነው፤ ፈንጣጣን ለመከላከል ክንድ ይጫር በነበረበት ዘመን ቃሉ ለሥራው የተመቸ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው የባሌ ጥናት ግን መድኀኒቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ አድርጎ ለቀበሮዎቹ አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም ይኸው ዘዴ ወደ ዘመቻ ተሸጋገረ። መጫርም መውጋትም የለበትም። ቃሉ ግን አልጠበበም፤ ቀደም ሲል የፖሊዮን ጠብታ ተሸክሟልና። ስለዚህ «በአፍ የሚሰጥ ክትባት» ማለት ይበቃል፤ አዲስ ቃል መፍጠር ትርፍ ድካም ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን ሦስተኛው፣ የሥጋው መጠሪያ ነው። «ማጥመጃ» ብሎ የሚተረጕም ሰው ይሳሳታል። ማጥመጃ ለመያዝና ለመግደል የሚዘጋጅ ነው። በአገራችን መርዝ የተደረገበት ሥጋ ለውሾች ይጣል እንደነበረ የሚያስታውስ እረኛ ይህን ቃል ሲሰማ መርዝ መጣ ብሎ ቢሠጋ አይፈረድበትም። «ክትባት ያዘለ ሥጋ» ቢረዝምም እውነቱን ይናገራል፤ ከአጭር ሐሰት ረዥም እውነት ይሻላል።

በባሌ አብዛኛው ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። በአማርኛ የተጻፈውን መመሪያ በአፉ ወደ ኦሮምኛ የሚመልሰው የጤና ሠራተኛ ለማመሳከር ፋታ የለውም። የጽሑፉን ስሕተት ከነስሕተቱ ያሻግረዋል። ተርጓሚው ከቃሉ ጋር መታገል ያለበት አስቀድሞ፣ ገና በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ሳለ ነው እንላለን።