ስም የሌለው ድምፅ፤ ዛርንና አዝማሪን በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስላሰሙ ሸክላዎች

በ2014 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ያራዳ ልጅ የተባለው የአቶ ሚካኤል ሰይፉ ሸክላ በዋሽንግተን ከታተመ ወዲህ፥ የማሲንቆና የክራር፥ የአዝማሪም ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ጋር ተዋሕዶ የሚሰማባቸው ሥራዎች በባዕድ አገር አሳታሚዎች እጅ ተራ በተራ ወጥተዋል። የሙዚቃ ጋዜጠኞች እነዚህን ሥራዎች የተቀበሏቸው አዲስ ነገር ተገኘ በማለት ነው። አዲስነታቸው ግን ሊመረመር የሚገባው ነው፤ የሕዝብ ሥርዐት ድምፅ በመኪና ተይዞ፥ ተቈርጦና ተለውጦ ሲወጣ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ቀድሞ የተነሣው ከእነርሱ ሰባ ዓመት በፊት፥ ያውም በዛር ቤት ውስጥ ነውና።

ሐሊም ኤል ዳብ በ1921 ካይሮ ላይ የተወለዱ፥ በትምህርታቸው የእርሻ መሐንዲስ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1944 በከተማው ካለ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መኪና ተውሰው ሴቶች ዛር ወደሚያስጨፍሩበት ቤት ሄዱ። የቀረጹትን ይዘው ወደ ጣቢያው ከተመለሱ በኋላ የድምፁን መሠረታዊ ቃና ቀነሱ፤ ከእርሱ በላይ የሚንሳፈፉትን ረቂቅ ድምፆች አጐሉ፤ ማሚቶ በሚፈጥር ክፍል ውስጥ እያሰሙም መልሰው ቀረጹት። የዛር መግለጫ ለማለት የሚቻል የዐረብኛ ስም የሰጡትን ይህን ሥራ በዚያው ዓመት በካይሮ ለሕዝብ አሰሙ። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ከዚህ ሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚሆን ቅንጭብ ነው፤ እርሱም በ2000 በታተመ ሲዲ ላይ ይገኛል።

ጸሐፍት ስለዚህ ሥራ ሲያነሡ ዘወትር የሚያተኵሩት በቀዳሚነቱ ላይ ነው፤ ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፅ ቀርጾ ሙዚቃ ያደረገው በ1948 ስለ ሆነ፥ ካይሮ ፓሪስን በአራት ዓመት ቀደመች ይላሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሩጫ ውድድር ፍርድ እንጂ የሥነ ጥበብ ሒስ አይደለም። ዋናው ጥያቄ ኤል ዳብ ምን ጣሉ፥ ምንስ አስቀሩ የሚለው ነው። የጣሉት ቃሉን ነው። በቅንጭቡ ውስጥ የሴቶች ድምፅ እንደ ነፋስ እየራቀና እየቀረበ ይሰማል፤ አንድም ቃል ግን ለይቶ መስማት አይቻልም። ያስቀሩት የትንፋሹን ርዝመት፥ የብዙ ጕሮሮ መደራረብን፥ ግድግዳው የሚመልሰውን ጩኸት ነው። ይህን ቅንጭብ በክፍል ውስጥ ባሰማሁ ጊዜ ከተማሪዎቹ አንዱ «ዛሩ ማን ነኝ አለ?» ሲል ጠየቀ። በዚህ ሥራ ላይ ከተጻፉት ብዙ ገጾች ይልቅ ይህች አጭር ጥያቄ ጥልቅ ናት።

ዛር ስም ያለው ነገር ነውና። በጐንደርም ሆነ በሌላው አገራችን ባለ ዛሩ የሚጥረው ዛሩ ጮኾና ፎክሮ ስሙን እንዲናገር ነው፤ ስሙ ካልታወቀ ግብሩ አይታወቅም፥ ግብሩ ካልታወቀ ሕመሙ አይበርድም። ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ በተዛመተውም ሥርዐት ዛሮቹ በወገን በወገናቸው ይለያሉ፤ በሱዳን ዘንድ «ሐበሽ» የሚባል የዛር ወገን መኖሩም የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጐንደር ላይ መልካም አየሁ በሚባሉት ባለ ዛር ቤት ተቀምጠው በደብተራቸው የመዘገቡት፥ በኋላም በ1958 ባሳተሙት መጽሐፍ የተነተኑት ይህንኑ ነው፤ የዛሮቹን ስም፥ ዝምድናና ጠባይ። በሌሪስ ገጾች ላይ እነ ሰይፉ ጨንገር በስም በስማቸው ይታወቃሉ፤ ድምፃቸው ግን የለም። በኤል ዳብ ሽቦ ላይ ድምፁ አለ፤ ስሙ ጠፍቷል። የአንደኛው ጕድለት የሌላው ሀብት ነው፤ ሆኖም ድምፅ የያዘው ሥራ ስም የያዘውን ያህል ስለ ዛር ያስተምራል የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም። ያስጨፈሩት ሴቶችም ስም አልተመዘገበም፤ ይህን ግን ሙዚቀኛው ብቻ ሳይሆን የዘመኑ የባሕል ጥናት ሊቃውንትም ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

ኤል ዳብ ከ1962 እስከ 1964 በአዲስ አበባ በዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማራቸውንና በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ማቋቋማቸውን ብዙ አንባብያን ያውቃሉ። በአሜሪካ የኤሌክትሮኒክ ስቱዲዮ ሠርተው የመጡት ሰው እዚህ ሲደርሱ መኪናውን ትተው ባለ ክራሩን፥ ባለ ማሲንቆውንና ባለ ዋሽንቱን በአንድ መድረክ አቀመጡ፤ ይህም ሌላ ሰፊ ጥናት የሚጠይቅ ነው።

ወደ አዲሶቹ ሸክላዎች እንመለስ። አቶ ሚካኤል ሰይፉና አቶ እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው የሰየሙት አሠራር ከኤል ዳብ የሚለየው ሠሪዎቹ ቋንቋውን የሚያውቁ የአገሩ ሰዎች በመሆናቸው ነው። ይህም ልዩነት ቀላል አይደለም። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ፍጻሜው ግሥ ነው፤ ማን እንዳደረገ፥ ለማን እንዳደረገ፥ አድርጎ እንደ ሆነም አላደረገም እንደ ሆነ የሚታወቀው በመጨረሻዪቱ ቃል ነው። እንግዲህ የአዝማሪውን ግጥም ከግሡ በፊት ቈርጦ ደጋግሞ ማሰማት ለበርሊን ጨፋሪ የሚያምር ድምፅ ብቻ ሲሆን፥ ለአማርኛ ሰሚ ግን የታገደ ነገር ነው፤ ጆሮው ቀሪውን ሲጠብቅ ይኖራል፥ ቀሪው ግን አይመጣም። ቈራጩ ቋንቋውን የማያውቅ ከሆነ ይህ ከተራ ማጕደል አያልፍም። የሚያውቅ ከሆነ ግን የሰሚውን ጥበቃ የሥራው አካል ሊያደርገው ይችላል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ያልተነገረውን መፈለግ ያውቃልና፥ ኒው ዮርክ በሚገኝ አሳታሚ በ2016 የወጣው ዘላለም የተባለው የአቶ ሚካኤል ሥራ ከብዙዎቹ መሰሎቹ የሚበልጠው በዚህ ነው እላለሁ፤ የአገሩ ድምፅ በውስጡ እንደ ቅመም የተነሰነሰ ሳይሆን ሌላው ሁሉ የሚከተለው መነሻ ሆኖ ይሰማል። በአንጻሩ፥ ከጥንት የመስክ ቅጂ ሁለት ሰከንድ ቈርጠው ከበሮ የሚጭኑበት የባዕድ አገር ሠሪዎች ብዙ ናቸው፤ እነዚህም ዘፋኙ ማን እንደ ሆነ፥ የት እንደ ተቀረጸና በምን ምክንያት እንደ ዘፈነ በሸክላው ልባስ ላይ ሳይጽፉ ለመኪናው ሞዴል ቦታ አያጡም። የሠርግ ዘፈን ይሁን ለቅሶ ያልታወቀ ድምፅ ሌሊቱን ሲያስጨፍር ማደሩ የሚያስቀው ለማያውቀው ብቻ ነው።

የምቱ ነገር ሌላው ፈተና ነው። ቴክኖ የሚባለው ሙዚቃ በ1980ዎቹ ዓመታት በዲትሮይት በጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ተፈጥሮ፥ በ1988 በእንግሊዝ አገር በታተመ አንድ ስብስብ አማካይነት ስሙ የተዛመተ ነው፤ መሠረቱም አራት እኩል ምት ነው። ሮላንድ የተባለው ፋብሪካ በ1980 ያወጣው ቲ አር 808 የተባለው የከበሮ መኪና በገጹ ላይ 16 ቍልፎች አሉት፤ 16ም ለሁለትና ለአራት እንጂ ለሦስት አይከፈልም። የአማራ እስክስታ የሚሄድበት ምት ግን በስድስት የሚቈጠር ነው። ብዙ ሠሪዎች ለዚህ ያገኙት መላ ዘፈኑን እየጐተቱ በአራቱ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ትከሻ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ የት ላይ እንደሚሰብቅ ይጠፋዋል። መኪናው ግን ከ16ቱ 12ቱን ብቻ እንዲቈጥር ሊደረግ ይችላል፤ በ12 ውስጥ አራት ባለ ሦስትም፥ ሁለት ባለ ስድስትም ስለሚገኙ ሁለቱም ወገን ጨፋሪ የሚፈልገውን ያገኛል። ወጣቶቹ ሠሪዎች የተሰባበረና የሚያነክስ ምት ማዘውተራቸውም ከዚሁ ችግር ለመውጣት የሚደረግ ጥረት ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ይሳካል፥ አንዳንዴ ደግሞ ማነከሱ ራሱ ልማድ ሆኖ ያሰለቻል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ከእነርሱ የሚቀድመው ነው። አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ሳሉ ሸሞንሟናዬ የተባለውን ካሴት የሠሩት አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ራሳቸው እየተጫወቱ፥ ምቱን ለመኪና ትተው ነው፤ ካሴቱም በ2013 እንደገና ታትሞ ብዙ አዲስ ሰሚ አግኝቷል። እዚያ ላይ ድምፁ የማን ነው የሚል ጥያቄ አይነሣም። መኪናው ሳይደክም፥ ሳይፈጥንም ይመታል፤ አኮርዲዮኑ ግን አንድ ጊዜ ጥቂት ቀደም ይላል፥ ሌላ ጊዜ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠብቃል፥ ምቱንም አልፎት ሄዶ ቅኝቱ ሲያርፍ አብሮ ያርፋል።